እምቢ ባይ ያጣ አብዮት

«አብዮት ልጆቿን ትበላለች» የሚለው አባባል «ያ ትውልድ» የሚባለው የአብዮቱ ትውልድ በተነሣ ቁጥር ከአንዱ አፍ መውጣቱ አይቀርም። አመጣጡ ከፈረንሳይ አብዮት ነው። ተናጋሪው ፒየር ቬርኞ የተባለ የምክር ቤት አባል እንደነበረ ይነገራል፤ እሱንም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1793 የትናንት የትግል ጓዶቹ ለጊዮቲን ዳረጉት። እኛ ዘንድ ሲደርስ ከሐዘናችን ጋር ስለተዋሐደ የገዛ ምሳሌያችን መስሎ ቀርቷል። አንዲት እናት በ1970 ከቤት ወጥቶ ስላልተመለሰ ልጇ ትናገራለች፤ አድማጩ ራሱን ይነቀንቅና «ምን ይደረግ፣ አብዮት ልጆቿን ትበላለች» ይላል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

ይህ አዘጋግ አይዋጥልኝም። አባባሉ አብዮትን አውሬ አድርጎ ያቀርባል፤ አውሬ ደግሞ አይከሰስም። አውሬ ቃለ ጉባኤ አይጽፍም፣ ማኅተም አይመታም፣ የስም ዝርዝር አያወጣም። በ1966 የፈነዳው የኢትዮጵያ አብዮት ግን ይህን ሁሉ አድርጓል። ሰዎች ተሰብስበው እጅ አውጥተዋል፣ ሰዎች በነጋሪት ጋዜጣ አውጀዋል፣ ሰዎች በሌሊት ደጅ አንኳኩተዋል። ያ ሁሉ ተስፋ የት እንደገባ ማወቅ የሚሻ ሰው የታሪክን ጨካኝነት ከማማረር ይልቅ አዋጆቹን በየቀናቸው ቢያነብ ይሻለዋል።

ስለ ክሽፈቱ ሁለት መልሶች ተለምደዋል። አንደኛው ዓላማው ከጅምሩ ባዕድ ነበር፣ ከማርክስና ከሌኒን መጻሕፍት ተቀድቶ የመጣ ነው ይላል። ሁለተኛው ዓላማው ንጹሕ ነበር፣ ወታደሮች ነጠቁት ይላል። የመጀመሪያው ለባላባቱ ሥርዓት የሚመች ውሸት ነው። በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪ ጥያቄውን ከመጽሐፍ መቅዳት አላስፈለገውም፤ ከምርቱ እኩሌታውን ለባለመሬት የሚያስረክበው ጭሰኛ በዓይኑ ፊት ነበር። ሁለተኛው መልስ ለተማርነው ሰዎች ይመቻል፤ ጥፋቱን ሁሉ ለወታደሮቹ ደርግ አስረክቦ ያሳርፈናልና። እኔ የማምነው ሌላ ነው። ዓላማዎቹ እውነተኛና ፍትሐዊ ነበሩ፤ የጎደላቸው በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ «እምቢ» የሚል ሰው የሚቆምበት ቦታ ነው። ይህ ቦታ በደርግ አዋጅ ውስጥ አልነበረም፤ ደርግን በታገሉት ድርጅቶች አሠራር ውስጥም አልነበረም።

የካቲት 1966ን መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ያ ወር ከዳር እስከ ዳር የእምቢታ ወር ነበርና። ከእሱ አስቀድሞ በጥር፣ ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር በሚበላውና በሚጠጣው ነገር አመረረና አዛዦቹን አሰረ። ጉዳዩን ሊያዩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው። በየካቲት መምህራን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ አንቀበልም ብለው ማስተማር አቆሙ። ቤንዚን ስለተወደደባቸው የታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወደቀ። በወሩ ማብቂያ ላይ የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያ የሆነውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። በሚያዝያ የአዲስ አበባ ሙስሊሞች፣ ክርስቲያን ወገኖቻቸው ታክለውበት፣ ለሃይማኖት እኩልነት ተሰለፉ። ይህን ሁሉ የሚመራ አንድ ፓርቲ አልነበረም። አንዱን ሌላው ያደፋፈረው «አልቀበልም» ብሎ በሕይወት ማደር እንደሚቻል በማሳየቱ ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ሲባል በኖረበት አገር ይህ በኋላ ከመጣው አዋጅ ሁሉ የበለጠ አብዮት ነበር።

ሰኔ 21 ቀን 1966 የተቋቋመው ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱን በቮልስዋገን አሳፍሮ ከቤተ መንግሥት አወጣ። በዚያው ዕለት አዋጅ ቁጥር 1 ወጣ። አዋጁ ፓርላማውን ዘጋ፣ ሕገ መንግሥቱን አገደ። ከዚያም «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውን መፈክር በመቃወም ማሤርን፣ የሥራ ማቆም አድማ ማድረግን፣ ያለ ፈቃድ መሰለፍንና መሰብሰብን ከለከለ። በአድማ የመጣ አብዮት ሥልጣን በያዘበት በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው አዋጁ፣ አድማን ከለከለ። ስለዚያ አብዮት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጻፍ ብባል የምጽፈው ይህን ነው።

ጊዜውን እናስተውል። ደርግ ተቃዋሚዎቹን የፈጀበት ቀይ ሽብር ገና ከሁለት ዓመት በላይ ይቀረዋል። የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ ድንበር የተሻገረው በሐምሌ 1969 ነው። «ወረራው አስገድዶን ነው፣ አገር ስትከበብ የነፃነት ጥያቄ ቅንጦት ይሆናል» የሚለው መከራከሪያ ለ1969 ሊያገለግል ይችል ይሆናል፤ ለመስከረም 1967 አያገለግልም። በዚያ መስከረም፣ ወታደሩ ሥልጣኑን ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ያስረክብ ያሉ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች ታሰሩ። በወሩ መጨረሻ ያንኑ ጥያቄ የደገፈው የመሐንዲስ ጦር ክፍል ሰፈሩ ተወረረ፤ ወታደር በወታደር እጅ ሞተ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደግሞ 60 ያህል ሰዎች በአንድ ሌሊት ተገደሉ፤ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሩባቸው። የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን አንዶምም ከባልደረቦቻቸው ጋር በኤርትራ ጉዳይ አልስማማ ስላሉ ቤታቸው ተከብቦ በዚያው ዕለት አለቁ።

ስለ ኅዳሩ ግድያ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። ከተገደሉት ሹማምንት መካከል አክሊሉ ሀብተወልድ በመርማሪ ኮሚሽን ፊት ቀርበው ቃላቸውን እየሰጡ ነበር፤ ያቀረቡት ጽሑፍ ኋላ «የአክሊሉ ማስታወሻ» ተብሎ ታትሟል። ኮሚሽኑ ራሱ የአብዮቱ ልጅ ነው። ሹም ተቀምጦ ይጠየቅ፣ መዝገብ ይመርመር፣ ተከሳሽ መልስ ይስጥ የሚለው የየካቲት ፍላጎት መልክ ይዞ የታየው በእሱ ነበር። የጥይቱ ድምፅ የመዝገቡን ገጽ ከመካከል ቆረጠው። ሹማምንቱ ጥፋተኞች ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ያልተቋጨውም ስለዚህ ነው፤ የሚቋጨው ፍርድ ሲሰጥ ነበር፣ ፍርድ ግን አልተሰጠም።

ለምን እንዲህ ሆነ? የሰዎቹን ጭካኔ ብቻ ማንሣት በቂ አይመስለኝም፤ ጨካኙም ቅኑም አንድ እምነት ይጋሩ ነበርና። «ሕዝብ» የሚለውን ነገር አንድ ጥቅም፣ አንድ ፈቃድ፣ አንድ ድምፅ ያለው አካል አድርጎ የማሰብ እምነት ነው። የሕዝቡ እውነተኛ ጥቅም አንድ ከሆነና እኔ ካወቅሁት፣ ያንን የሚቃወም ሰው ምን ሊሆን ይችላል? በዘመኑ ሁለት መልስ ብቻ ነበረ። ወይ ያልነቃ ነው፤ ስለዚህ ይንቃ፣ ይደራጅ፣ የፖለቲካ ትምህርት ይሰጠው። ወይም ጠላት ነው፤ አድኃሪ፣ አናርኪስት፣ ፀረ ሕዝብ። ሰምቶ፣ ገብቶት፣ አመዛዝኖ የማይስማማ ሰው ግን ስም አልነበረውም። ስም የሌለው ሰው መቀመጫም አይሰጠውም፤ ወደ አንደኛው ወይ ወደ ሁለተኛው መዝገብ ይገፋል።

ይህ የእኛ ብቻ ዕዳ አይደለም። የፈረንሳይ አብዮት መሪ የነበረው ሮቤስፒየር እ.ኤ.አ. በግንቦት 1791 በምክር ቤት ቆሞ የሞት ቅጣት እንዲቀር የተከራከረ ሰው ነው። ሦስት ዓመት አልፎ በሰኔ 1794 ወገኖቹ ያወጡት ሕግ ተከሳሽን ጠበቃ ነሣው፤ በሚቀጥለው ወር እሱ ራሱ ተሰየፈ። ብዙዎች በእነዚህ ዓመታት መካከል የሮቤስፒየርን ልብ ይፈልጋሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው፦ የሰብአዊ መብት መግለጫን ያወጣው ያው ምክር ቤት በሰኔ 1791፣ ገና ሽብር ሳይመጣ፣ የሠራተኞችን ማኅበርና አድማ በሕግ አገደ። ሩሲያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1921 የክሮንሽታት ባሕረኞች፣ በ1917 የአብዮቱ ኩራት ሲባሉ የነበሩት፣ የሶቪዬት ምርጫ በሚስጥር ድምፅ ይሁን፣ ሠራተኛና ገበሬ የመናገር ነፃነት ያግኝ ብለው ተነሡ። ጦር ዘመተባቸው። በዚያው ሰሞን የተሰበሰበው የገዢው ፓርቲ አሥረኛ ጉባኤ በፓርቲው ውስጥ የተለየ አቋም ይዞ መቧደንን ከለከለ። የውጩን እምቢታ የዘጋ እጅ የውስጡንም ለመዝጋት ከሳምንታት በላይ አልፈጀበትም።

አገሬ ላይ ልቆይ። ከአብዮቱ ሐሳቦች ሁሉ ምርጡ የትኛው ነበር ብባል ቀበሌ እላለሁ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የዝቅተኛውን ተከራይ ኪራይ እስከ ግማሽ ቀነሰ፤ ነዋሪውንም በየሰፈሩ በማኅበር አደራጀ። ማኅበሩ መሪዎቹን ይመርጣል፣ የራሱ የፍርድ ሸንጎ አለው፣ የሰፈሩን መንገድና ሱቅ ያስተዳድራል። ለአንድ አጥር ክርክር ፍርድ ቤት ስትመላለስ ዕድሜዋን የፈጀች አሮጊት ጉዳይዋን በጎረቤቶቿ ፊት፣ በእግሯ ሄዳ፣ ልታቀርብ ቻለች። ሥልጣን ከቤተ መንግሥት ወርዶ ደጃፏ ደረሰ። ይህን ሐሳብ ዛሬም ቢሆን አከብረዋለሁ።

ነገር ግን ያው ቀበሌ ቤቱን የሚያከራይ ሆነ። ስኳሩና ሳሙናው የሚገኘው በቀበሌ ሱቅ ሆነ። መታወቂያ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ለሥራም፣ ለትምህርትም፣ ለጉዞም ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ ነው። ከ1969 ወዲህ አብዮት ጥበቃ የተባለ ታጣቂ፣ እስር ቤትና መርማሪ ጨመረ። በዚያ ዓመት መጋቢት አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትታሰስ፣ የትኛው ቤት ውስጥ ስንት ወጣት እንዳለ የሚያውቀው ከሩቅ የመጣ ወታደር አልነበረም፤ ለዕድር አብሮ የሚቀመጥ ጎረቤት ነበር። በሚያዝያ፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ተረሸኑ። የልጇን ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈይ የተባለች እናት ነበረች፤ ልቅሶ መቀመጥ የተከለከለች እናት ነበረች።

ለእኔ እዚህ ላይ የሚታየኝ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የቀበሌው ምርጫ አልቀረም ነበር። ሰው ተሰብስቦ እጅ ያወጣ ነበር። ግን ጣሪያህን፣ ስኳርህን፣ መታወቂያህንና እስር ቤቱን አንድ ላይ የያዘውን ሰው በምን አቅም «አልመርጥህም» ትለዋለህ? እምቢ ለማለት ወኔ ብቻ አይበቃም። ከእምቢታው ማግሥት የሚታደርበት ቤት፣ የሚበላ እንጀራ፣ የሚሰማ ሌላ ዳኛ ያስፈልጋል። አብዮቱ ድሃውን ከብዙ ጌቶች አወጣውና ለአንድ ጌታ ሰጠው። የድሮው ቤት አከራይ ክፉ ሲሆን ሌላ አከራይ ይፈለግ ነበር፤ ከቀበሌ ወዴት ይኬዳል? ብዙ የፖለቲካ ፈላስፎች ነፃነትን ከንብረት ነጥለው ስለሚጽፉ ይህ ነገር ያመልጣቸዋል። የአንድ ሰፈር ሰው ሁሉ የሚኖርበትን ነገር አንድ መሥሪያ ቤት ሲይዘው፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደግ ሰው ቢሆን እንኳ በዚያ ሰፈር ስብሰባ ላይ እውነት አይነገርም።

የገበሬውም ታሪክ ከዚህ አይለይም፤ እንዲያውም ይበልጥ ያማል፣ ተስፋው ትልቅ ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር እንዲይዝ ተፈቀደ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ እኩሌታ፣ ሢሶ መክፈል ቀረ። በደቡብ ያለው ገበሬ የተቀበለው በእልልታ ነው። ርስት ባለበት በሰሜን፣ በተለይም በጎጃም፣ ብዙ ሰው በጥርጣሬ አየው። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርደው የገበሬ ማኅበራትን አቋቋሙ። ከእነሱ ብዙዎቹ ማኅበሩ በእውነት የገበሬው ይሁን ብለው ከፖሊስና ከአስተዳዳሪ ጋር ተጋጩ፤ መንግሥትም በራሱ ዘማቾች ላይ ፊቱን አዞረ።

ከዚያ የሆነውን ሽማግሌ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። እርሻ ሰብል የሚባለው የመንግሥት ገበያ ድርጅት መጣ፤ ኮታ መጣ። ዋጋው በመንግሥት ተቆርጦ ከገበያው በታች ነው፤ በየመንገዱ ኬላ ቆሞ እህል ወደሚወደድበት ቦታ አያሳልፍም። ምርቱ ያልበቃው ገበሬ ከብቱን ሸጦ ከገበያ እህል በውድ ገዝቶ ኮታውን በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ወጣቱን መልምሎ እንዲያቀርብ የታዘዘው ያው ማኅበር ነው። ከ1977 ጀምሮ በሰፈራ ወደ 600,000 ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲጓጓዝ ስም የሚያስተላልፈው ያው ማኅበር ነው፤ በመንደር ምሥረታ ሚሊዮኖች ጎጇቸውን አፍርሰው በመስመር እንዲሠሩ ሲደረግም እንደዚያው። መሬት የሰጠው እጅ እህሉንም ልጁንም ጎጆውንም ጠየቀ። ገበሬው ይህን የሚከራከርበት ሸንጎ አልነበረውም፤ ሸንጎው ራሱ ጠያቂው ነበርና። መሬቱንም ሽጦ መሄድ አይችልም፤ መሬቱ የሱ አልነበረም።

ደርግን የታገሉት ድርጅቶች ከዚህ የተሻለ ቦታ ለእምቢ ባይ ሰጥተው ነበር? ይህን መጠየቅ ያስቆጣል፤ ሟቾቻቸው ብዙ፣ ወጣትና ንጹሐን ናቸው። የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ብሎ ሲነሣ ጥያቄው ትክክል ነበር። ነገር ግን በመስከረም 1969 የተቀናቃኙ የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) አባል ዶክተር ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ፤ የቀበሌ መሪዎችም በየደጃቸው ይመቱ ጀመር። የኢሕአፓ የማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ጌታቸው ማሩ ይህን የከተማ ትጥቅ ትግል በጽሑፍ ተቃወመ፤ ከድርጅቱ አልወጣም፣ በውስጥ ሆኖ ነው የተከራከረው። የገዛ ድርጅቱ አሰረው፣ ኋላም ገደለው። አብሮት የተቃወመው ብርሃነመስቀል ረዳ ሸሽቶ አመለጠና በደርግ እጅ ወድቆ ተረሸነ። መኢሶን በበኩሉ ለደርግ «ሒሳዊ ድጋፍ» ሰጠ። ሒሱ ግን ድጋፉን ያህል አልተሰማም፤ ኢሕአፓ ሲታደን ድጋፉ ሠራ፣ በነሐሴ 1969 መኢሶን ወደ ኅቡዕ ሲገባ የመታደኑ ተራ የራሱ ሆነ፤ መሪው ኃይሌ ፊዳም እስር ቤት ገብቶ በዚያው ተገደለ። ሦስቱም ወገኖች እርስ በርስ የተፋጁት በዓላማ ስለተራራቁ አይመስለኝም። ስለ መሬት፣ ስለ ብሔሮች፣ ስለ ሶሻሊዝም የጻፉትን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ልዩነቱን በመከራ ያገኛል። የሚጋሩት ትልቁ ነገር ያልተስማማን በመካከል ማቆየት አለመቻላቸው ነው።

በአሮጌው ኢትዮጵያ በሥልጣን የተበደለና እምቢ ያለ ሰው መንገዱ አንድ ነበር፤ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ መግባት። የካቲት 1966 ሌላ መንገድ አሳየች፤ ጫካ ሳይገቡ፣ በከተማ መካከል፣ ሥራ አቁሞ እምቢ ማለትን። አዋጅ ቁጥር 1 ይህን አዲስ መንገድ ዘጋውና አሮጌውን አስቀረ። ስለዚህም አንዱ ጠመንጃ ይዞ አሲምባ ወጣ፣ አንዱ ደደቢት ወረደ፣ ኤርትራ ውስጥም የጠመንጃው ቁጥር በየወሩ በዛ። 17 ዓመት የፈጀው ጦርነት መነሻው ብዙ ነው፤ ግን ጫካ ብቸኛው ሸንጎ ሆኖ በመቅረቱ ነው ያን ያህል የበላን። ግንቦት 20 ቀን 1983 አዲስ አበባ የገባውም ከጫካ የመጣ ኃይል ነው፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ የሚያኖረው ትእዛዝ እንጂ ክርክር አይደለም።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይቀርብልኛል፤ መልስም ይገባዋል። እምቢታ እንዲህ ከተከበረ ባለመሬቱስ እምቢ ቢል? የባለመሬቶች ፓርላማ የጭሰኞችን ግንኙነት ለማሻሻል የቀረበውን ረቂቅ ሕግ ለዓመታት እያጉላላ ሳያጸድቀው ቀርቷል። እሱን ብንጠብቅ ጭሰኛው ዛሬም እኩሌታ ይከፍል ነበር። እውነት ነው፤ አብዮት የአንድን ወገን እምቢታ ሳይጥስ አይሆንም፣ የካቲት 25ም ትክክል ነበረች። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንደባልቅ። ባለመሬቱ የሌላውን ሰው ላብ የመውሰድ መብቱን ማጣቱ ፍትሕ ነው። ተበደልሁ ብሎ የመናገር፣ ዳኛ ፊት የመቆም፣ ነገ ተደራጅቶ የመከራከር መብቱን ማጣቱ ግን ፍትሕ አይደለም። ሁለተኛውን ያጣው እሱ ብቻ ቢሆን ምናልባት ችላ ይባል ነበር። የባላባቱ አፍ በተዘጋበት አዋጅ የጭሰኛውም አፍ ተዘጋ፤ ኮታ ሲመጣ የሚጮህበት አንደበት ያጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

አብዮቱ ምንም አላመጣም የሚሉትን አልከተልም። ጭሰኝነት ቀርቷል፤ ተመልሶ የሚያመጣውም የለም። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ደርሶ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፤ ከዩኔስኮም ሽልማት አግኝቷል። ሙስሊሙ በዓሉን በአደባባይ ያከብራል። እነዚህ ዘላቂ ሆኑ፤ ለምን ዘለቁ ብዬ ስጠይቅ ሰው በፈቃዱ የተቀበላቸው መሆናቸውን አያለሁ። የካቲት 26 ቀን 1982 የደርጉ መሪ የነበረው መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅና ኮታና አስገዳጅ ማኅበር እንደሚቀር ሲናገር ገበሬው ሌላ ትእዛዝ አልጠበቀም። በሳምንታት ውስጥ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በየቦታው ፈረሱ፣ በሬና ማረሻ ተከፋፈለ፣ በመስመር የተሠሩት መንደሮች እየተተዉ ሰው ወደ ድሮ ቀዬው ተመለሰ። ከ15 ዓመት በኋላ እንዲናገር የተፈቀደለት ገበሬ የተናገረው ይህን ነው። ማንም አስቀድሞ ጠይቆት ቢሆን ኖሮ በ1968 ይናገረው ነበር።

ያ ትውልድ እየሳሳ ነው። ከየወገኑ የተረፉ ሰዎች ብዙ ትዝታ ጽፈዋል፤ ስለ ጽናት፣ ስለ እስር፣ ስለ ወደቁ ጓዶች አንብበናል፣ አልቅሰናል። እኔ ግን ከእነሱ ገና ያላገኘሁት አንድ ነገር አለ፤ የስብሰባዎቹ ታሪክ። በደርጉ ጉባኤ፣ በቀበሌው፣ በኅቡዕ ሕዋሱ፣ በገበሬ ማኅበሩ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ ልክ አይደለም» ያለበት ቀን ነበረ። ያ ሰው ማን ነበር? ምን ብሎ ተከራከረ? ስንቱ ዝም አለ፣ ለምንስ ዝም አለ? ጋሼ፣ እትዬ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ፣ ዕድሜ ሳይቀድማችሁ ይህን ጻፉልን። ማን ገደለ የሚለውን ኋላ የደርግ ባለሥልጣናትን የዳኘው ችሎት በአቅሙ መዝግቦታል፤ ማን እምቢ እንዳለ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።